የሣር ቀጠሮ፦ የመንዝ ጓሳ እንዴት ቆየ?

በ2014 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የተቀመጠው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ «ተፈጥሮን መሠረት ያደረጉ መፍትሔዎች» ለሚለው ሐረግ አገሮች የተስማሙበት ትርጉም ሰጠው። ትርጉሙ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ደኑን፣ ረግረጉንና ግጦሹን ጠብቆ ማቆየት የአየር ንብረት ለውጥን ጨምሮ ማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊና አካባቢያዊ ችግሮችን ለመቋቋም ይረዳል የሚል ነው። ሐረጉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይጠብና ችግኝ ተከላ ብቻ ይሆናል። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ግን ሐረጉ ከመፈጠሩ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጀመረ፣ ችግኝ ያልተተከለበት፣ ዛፍም እምብዛም የማይታይበት ጥበቃ አለ። ታሪኩን ከመነሻው ስንከተለው የምናገኘው ስለ ተፈጥሮ ያህል ስለ ሕግ የሚናገር ታሪክ ነው። ጓሳን ያቆየው ሰው እጁን ስላልዘረጋበት አይደለም። እጁን መቼ እንደሚዘረጋና መቼ እንደሚሰበስብ ባለመብቶቹ አስቀድመው ስለተማማሉ ነው።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም አምባ ነው። ምሥራቁ በገደል ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ በዚያ በኩል የሚፈልቀው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ወደ ዓባይ ይጓዛል። ሣሩ የሚያድገው እየተጎነጎነ፣ ችምችም ብሎ ነው። የአምናው ደረቅ ቅጠል ከዘንድሮው ለምለም ሥር ተነጥፎ አፈሩን ያለብሰዋል። ዝናቡ መሬቱን በቀጥታ አይገርፈውም፤ በሣሩ እየተንጠባጠበ ይሰርጋል፤ በበጋ ደግሞ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ብርዱም የራሱ ሥራ አለው፤ የሞተው ሥር ቶሎ ስለማይበሰብስ ለዘመናት የተጠራቀመ ካርቦን ጥቁሩ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በሣሩ መሐል በሚርመሰመሱት አይጦች ነው፤ ጭላዳም ከዚያው ሣር ይቀነጥሳል። ለመንዜው ግን ጓሳ ከሁሉ በፊት የቤት ክዳን፣ የጭነት ገመድ፣ የፍራሽ ሙላት፣ የዝናብ መከላከያ ጌሳ ነበር። ጨራንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ማገዶ ነበር። ይህን ዝርዝር በቸልታ ማለፍ አይገባም፤ ጥበቃው የቆመው በዚህ ጥቅም ላይ ነውና።

የአካባቢው ትውፊት የጥበቃውን መነሻ ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን ተካፈሉ፤ ዘሮቻቸውም ጓሳን በአጽመ ርስት በጋራ ያዙት። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል (ከቅርብ ዓመታቱ የፖለቲካ ቃል ጋር እንዳይምታታ)። ባለርስቶቹ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚሉትን አለቃ መርጠው ይሾሙ ነበር፤ አለቃውም ቦታውን ያስከብር ነበር። ሣሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ደርሷል ሲባል በበጋው እምብርት ይከፈትና መጀመሪያ ሣሩ ይታጨድ ነበር፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወጣና መሬቱ ዳግም ይዘጋ ነበር። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም። ሣሩ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣው ዝናቡ ሲጥል ነው፤ ለስላሳው አፈር በሰኮና የሚቦካውም ያኔ ነው። ቀጠሮውን ከቤተ ክርስቲያን በዓል ጋር ማሰር ደግሞ ማንም «አልሰማሁም» እንዳይል አደረገ። ጾሙ መቼ እንደሚፈታ የማያውቅ መንዜ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ጓሳን ያዳነው ሕግ ሳይሆን ብርዱ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ምን ሊታረስ? የሚል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ቢመስልም ስሜንን ሲያዩት ይፈርሳል። ስሜን ተራሮች ላይ፣ ለምሳሌ ግጭ አምባ አካባቢ፣ ከጓሳ ጋር በሚስተካከል ከፍታ ገብስ ሲዘራ ኖሯል፤ ዳገቱም በማረሻ ተራቁቷል። ገብስ ውርጭ ይጎዳዋል እንጂ ከፍታ ብቻውን አይከለክለውም። መንዝም ቢሆን ገበሬው መሬት የጠበበው፣ በልጉ ሲቀር የሚራብ አገር ነው፤ ወደ ላይ ገፍቶ ለማረስ ምክንያት አላጣም። ማረሻውን ወሰኑ ላይ ያቆመው የአለቃው ሥልጣንና የጎረቤት ዓይን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ መልሱም ሙሉ አይደለም። ቄሮ የእኩልነት ሥርዓት አልነበረም። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ብሎ መቁጠር ለቻለ ብቻ ነበር፤ ሐረጉን መቁጠር ያልቻለ ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። ቅጣቱም ጭካኔ አላጣውም፤ ሕጉን የተላለፈ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስበት እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ ቄሮን እንዳለ እንመልሰው ማለት አይቻልም፤ እንዲህ የሚል ካለ ታሪኩን በግማሽ ያነበበ ነው። ግን ደግሞ የመገለሉ ግፍና የሥርዓቱ ጥንካሬ አንድ ነገር እንዳልሆኑ የተከታዩ ዘመን ታሪክ ያሳያል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ አጽመ ርስት ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። አባ ቄራም ሥልጣኑ ቀረ፤ መሬቱ በገበሬ ማኅበራት ሥር ሆነ። ለጭሰኛው ፍትሕ ያመጣው አዋጅ ለጓሳ ባለቤት አልባነትን አመጣ። ሁሉም ባለመብት ሲሆን የሚያስወጣም የሚከለክልም ታጣ፤ ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ፣ ቁጥቋጦው ይመነጠር ጀመር። የሚገርመው ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ማኅበረሰቡ አሮጌውን ማዕረግ ይዞ አላለቀሰም፤ በእጁ ያለውን መሣሪያ፣ ዕድርን አነሣ። ቀብርና ለቅሶ የሚያስተባብረው ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ተጨምሮበት ሣር ጠባቂ ሆነ፤ ከትውልድ ሐረግ ይልቅ ነዋሪነትና አባልነት የሚቆጠርበት ሆነ። ኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። የመሬት አዋጁን ባወጣው በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ በየተራራው የተተከሉትን ደኖች ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ብዙ ጉልበት ፈሶባቸዋል፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ግን በብዙ ቦታ የተከላቸው ሰው ራሱ ጨፈጨፋቸው። ገበሬው የዛፍ ጠላት ሆኖ አይደለም። ዛፉን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ስላየው ነው፤ መንግሥቱ ሲሄድ ንብረቱ የማንም ሆነ።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚዛን ነው። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ሣር በዓለም የካርቦን ሒሳብ ላይ ምን ይጨምራል? ሐቁን ለመናገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የፋብሪካና የመኪና ጭስ ሳይቀነስ የመንዝ ሣር ምድርን ያቀዘቅዛል ብሎ መስበክ የበደለኛን ዕዳ ለድኻ ማሸከም ነው። ጓሳ የሚመዘነው በመቋቋም በኩል ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት የማይነጥፍ ምንጭና ለከብት የሚተርፍ ሣር ይዞ መቆየት ለመንዜው ከየትኛውም የካርቦን ሰነድ ይበልጣል። በካርቦኑም በኩል ቢሆን ዋናው ነገር አዲስ መጨመር አይደለም፤ አፈሩ የያዘውን በማረሻ አለመልቀቅ ነው። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ሣራማ አምባ ላይ ባሕር ዛፍ ወይም ጥድ መደርደር ልማት ሳይሆን ጥፋት የሚሆነው፤ ዛፉ ውሃውን ይጠጣል፤ ሣሩንም ያከስማል። ዛፍ በሚስማማው አገርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ ያገገመው በአብዛኛው በተከላ አይደለም፤ ከመሬት በታች በሕይወት የቆየው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ በመከለል ነው። ክለላው የጸናውም ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የተጠቃሚነት መብት በሕግ ስላገኙ ነው።

የጓሳ ፈተና አሁን ከሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነው። ሥርዓቱን የወለደው የሣሩ ተፈላጊነት ነበር፤ ሰው አምስት ዓመት የታገሠው ቤቱ ክዳን ስለሚሻ ነው። ዛሬ የገጠሩ ጣሪያ ቆርቆሮ እየሆነ፣ ገመዱም ፕላስቲክ እየሆነ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣው እንግዳ የሚያስገኘው ገቢ የክዳኑን ቦታ በከፊል ሊተካ ይችላል፤ ነገር ግን እንግዳ በጦርነት ጊዜ አይመጣም፤ በወረርሽኝ ጊዜም ቀርቶ ታይቷል። ክዳን ግን ሰላምም ሆነ ጦርነት ያስፈልግ ነበር። የተረፈው የማይተካ ጥቅም ውሃው ነው። ውሃው ደግሞ የሚጠቅመው ሣሩን የሚጠብቀውን ደገኛ ብቻ ሳይሆን በአዋሽና በዓባይ ተፋሰስ ታች ያለውንም፣ ሐምሌ 5 ከብት ከጓሳ እንደሚወጣ ሰምቶ የማያውቀውን ሰው ነው። ይህ ሰው እስካሁን ለዕድሩ አንድም መዋጮ አልተጠየቀም።