የለገደንቢ ወርቅና የሕዝብ ድርሻ

እንደሚታወቀው በኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የኦዲት ሪፖርት ይነበባል፤ አባሉም የሸጠው ምርት ምን እንዳስገኘ ሰምቶ ይጠይቃል። በወርቅ ሀብታችን ረገድ ግን ይህ ልማድ የመጣው ዘግይቶ ነው።

በጉጂ ዞን ሻኪሶ አካባቢ የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን በመንግሥት ሲለማ ቆይቶ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሽጧል፤ በ1990 ዓ.ም. የ20 ዓመት ፈቃድ ተሰጥቶታል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለሆነም ማዕድን አውጪው አተረፈም አላተረፈም ከሽያጩ ሮያሊቲ ይከፍላል። የ2002 ዓ.ም. የማዕድን አዋጅ የወርቅን ሮያሊቲ 8 በመቶ አድርጎት ነበር፤ ይኸውም ከ100 ብር ሽያጭ 8 ብር ማለት ነው። ምጣኔው በኋላ ተሻሽሏል። ገቢውን የፌዴራል መንግሥትና ክልሉ ይካፈሉታል።

ኢትዮጵያ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. የኤክስትራክቲቭ ኢንዱስትሪዎች ግልጽነት ኢኒሼቲቭ ዕጩ አባል ሆነች። በዚህ አሠራር ኩባንያው የከፈለውን፣ መንግሥትም የተቀበለውን ለየብቻ ያሳውቃሉ፤ ገለልተኛ ባለሙያ ሁለቱን አመሳክሮ ውጤቱ ለሕዝብ ይወጣል።

ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ላይ የሚነበብ ቁጥር ሻኪሶ ካልደረሰ ግልጽነቱ ጎደሎ ነው። ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለ10 ዓመት ሲታደስ ነዋሪው በጤናው ላይ ደረሰ ያለውን ጉዳት በመግለጽ ተቃወመ፤ በግንቦት ወር ፈቃዱ ታገደ። ሥራው እንደገና የተጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው ገቢውም ሆነ ጉዳቱ እንደ ማኅበራችን ሒሳብ በባለቤቱ ፊት ሊነበብ እንደሚገባ ነው።