በሬው የሚፈታበት ሰዓት

መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ ረፋድ ላይ ከማሳ ዳር ቆሜ አንድ አዛውንት ሲያርሱ እመለከታለሁ። ብርዱ ገና አልለቀቀም። መሬቱ ለገብስ የሚዘጋጅ ነው። ሽማግሌው አራት ወይም አምስት ትልም ሲቀራቸው ድንገት ቆሙና ቀንበሩን ማውረድ ጀመሩ። ነገሩ ገረመኝ።

«አባቴ፣ ለዚህች ለቀረችው ምን አስፈታዎት?» አልኳቸው።

«የቀረችው ትልም ነገም እዚሁ ናት። በሬው ግን ነገም ያስፈልገኛል» አሉኝ። በሬው መድከሙን በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ «እሱ ደከመኝ አይልህ! ጆሮውን ታያለህ፣ እርምጃውን ታያለህ» ሲሉ መለሱልኝ።

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ ሳይጠፋ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የወንድሜ ልጅ በኢንተርኔት የሚጫወተው የቤዝቦል ጨዋታ አለ። ቤዝቦል አሜሪካውያን የሚወዱት፣ እንደ ገናችን ዱላና ኳስ ያለበት ጨዋታ ነው። አንዱ 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ርቆ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል። የወርዋሪው ክንድ ቶሎ ስለሚዝል፣ በዋናው የአሜሪካ ሊግ ግጥሚያ የሚጀምር ወርዋሪ እንደገና እስኪሰለፍ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀን ያህል ያርፋል። በኢንተርኔቱ ጨዋታ አሠልጣኙ ልጁ ነው፤ የእያንዳንዱ ወርዋሪ ድካም በቁጥር ተጽፎ ከፊቱ ይቀመጥለታል። እሱ ግን ቁጥሩን ችላ ብሎ ምርጡን ወርዋሪ በየግጥሚያው ሲያሰልፍ ከረመና ሰውዬው ክንዱን ተጎዳ፤ ቡድኑም ተከታትሎ ተሸነፈ። «በቁጥር እየታየህ!» ብዬ ሳቅሁበት። ኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ፤ ለመሆኑ ድካሙ በቁጥር የማይጻፍለት ሰውስ እንዴት ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ወደ አበበ ቢቂላ ታሪክ መለሰኝ። አበበ መንዜ አልነበረም፤ ይሁንና የተወለደው በዚያው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር፣ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። በልጅነቱ ገና ተጫውቷል። የክብር ዘበኛ ወታደር ከሆነ በኋላ ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

ብዙ የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሴ ላይ ሦስት ማራቶን ሮጦ ሦስቱንም አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት አንድም ማራቶን አልሮጠም። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ከማሞ ወልዴ ጋር ገና ከጅምሩ በኃይል ወጥተው መሩ፤ ኋላ ግን ብርዱና ዳገቱ ያዛቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አበበ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ሮጦ ከጨረሳቸው ማራቶኖች ሁሉ ያላሸነፈው ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ ቶኪዮ መጣ። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ሳምንት ያህል ቢሆነው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ ግን እንደ ሌሎቹ አልወደቀም፤ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ዓለም ጉድ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የማይደክም ሰው አለ ብለን ያመንነው ያን ቀን ነው። ለሯጭ ደግሞ ከዚህ የከፋ ምስጋና የለም። አይደክምም የተባለን ሰው ደከመህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው አይኖርምና!

አራት ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ አበበ በ36 ዓመቱ ሜክሲኮ ላይ እግሩን እያመመው ተሰለፈ። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አመጣው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ማሞስ?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ማሞ ከሳምንት በፊት በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ብር አግኝቶ ነበር። በቁጥር ቢሰላ ማረፍ የሚገባው እሱ ነው። ግን እሱ አሸነፈ፤ አበበ አቋረጠ። ስለዚህ ድካም የትልም ቆጠራ አይደለም። ሽማግሌው ትልሙን ሳይሆን ጆሮውንና እርምጃውን ያዩት ለዚህ ኖሯል።

ይህን ስጽፍ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ትዝ ይለኛል። ሯጭ ነበር። ለክፍሉ ይሮጣል፣ ለትምህርት ቤቱ ይሮጣል፣ ለወረዳው ይሮጣል። የትኛውም ውድድር ያለ እሱ አይጀመርም። አንድ ዓመት ጉልበቱን ያመው ጀመር፤ ሲራመድ ያነክስ እንደነበር ሁላችንም አይተናል። «እሱ ምን ይሆናል!» እየተባለ ተሰለፈ። ከዚያ ወዲያ አልሮጠም። ብዙ ጊዜ በመምህራኖቻችን እፈርድ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ከመስመሩ ዳር ቆመው በርታ እያሉ ከጮኹት አንዱ እኔ ነኝ።

አሁን ደረት ላይ የሚታሰር፣ የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ መጥቷል። መልካም ነው፤ ይምጣ። ቢሆንም የወንድሜ ልጅም ቁጥሩ ከፊቱ ነበረ፤ ያቃተው ማየቱ አይደለም፣ ማሸነፍ እያማረው ማስፈታቱ ነው። የመንዙ ሽማግሌ ያን ረፋድ ቀንበሩን ከበሬዎቻቸው አውርደው ወደ ሣሩ ሲለቋቸው ጎረቤቶቻቸው ገና ያርሱ ነበር። እሳቸው ግን ዘወር ብለው እንኳ አላዩዋቸውም።