ኤክስፖሲቶ ስለሚባለው የእስፓኝ ስም

ኢትዮጵያዊ በራሱና በአባቱ ስም ሲጠራ፥ የእስፓኝ ሰው በልማድ ከክርስትና ስሙ ቀጥሎ ሁለት የቤተ ዘመድ ስም ይይዛል፤ አንዱ ከአባቱ፥ ሁለተኛው ከእናቱ የሚወርድ ነው። ወላጆቹ ያልታወቁ ሕፃንስ በማን ስም ይጠራ? ከተሰጡት መልሶች ዋናው ኤክስፖሲቶ የተባለው ስም ነው።

ቃሉ ከሮማይስጥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም «በውጭ የተጣለ» ማለት ነው። ድኽነት ወይም ሐሜት ያስጨነቃት እናት ልጇን በሌሊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ታኖረው ነበረ፤ አለዚያም በሕፃናት ማሳደጊያ ግድግዳ ላይ በተሠራው ተሽከርካሪ ሣጥን ታስተኛዋለች። ሣጥኑ ሲዞር ሕፃኑ ወደ ውስጥ ይገባል፥ የእናቲቱ ፊት ግን አይታይም። ካህኑም አጥምቆ በመዝገብ ሲጽፈው ይህን ስም ይሰጠዋል። አንዳንዶቹ ካህናት ግን «ዴ ዲዮስ»፥ ማለት የእግዚአብሔር፥ ወይም «ዴ ላ ኢግሌሲያ»፥ ማለት የቤተ ክርስቲያን ብለው ሰይመዋል፤ ይህ የወላጅን ነውር በልጅ አንገት ስለማያስር እጅግ ይሻላል።

ስሙ ሰውየውን እስከ ሽምግልናው ይከተለው ነበረና ለሥራም ለማዕርግም ዕንቅፋት ሆነበት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. ንጉሥ 4ኛው ካርሎስ እነዚህ ልጆች በሕግ እንደ ተወለዱ ይቈጠሩ ዘንድ፥ በትውልዳቸው የሚሰድባቸውም ይቀጣ ዘንድ ዐወጀ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ የሚሹ ሁሉ ስማቸውን ያለ ክፍያ እንዲለውጡ ሕግ ፈቀደ።

ብዙዎች ግን አልተዉትም። ዛሬም በአንዳሉሲያና በካናሪያ ደሴቶች፥ እስፓንኛ በሚነገርባቸው የአሜሪካ አገሮችም ይገኛል። በኢጣልያ ኤስፖዚቶ ይባላል፤ በናፖሊ ከተማ በብዛት የሚተካከለው የቤተ ዘመድ ስም የለም።