ዕድሜ ሲጨምር ኢንሹራንስ ለምን ይወደዳል? ክፍያውስ የማን ነው?

እህቶቼ፣ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ በተለይ ይሄን አንብቡ። ወጣቶችም ብትሆኑ ነገ ይደርስባችኋልና አንብቡት። ኢቃማ ሊታደስ ሲል ብዙ ሰራተኞች የሚሰሙት አንድ ቃል አለ። «አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ታእሚን ተወዷል፣ ልዩነቱን ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ።» ይሄ አባባል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ውሸት ነው። ኢንሹራንስ ከዕድሜ ጋር የሚወደድበት ቦታ አለ። ከደሞዝሽ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለያይተን እንያቸው።

ኢንሹራንስ እድር አይደለም

እድር ውስጥ የሃያ ዓመት ልጅም የሰባ ዓመት እናትም እኩል ያዋጣሉ። ቀድሞ ማን እንደሚሞት ተሰልቶ አይደለም የሚከፈለው። የኢንሹራንስ ኩባንያ ግን ነጋዴ ነው። ከብዙ ሰው ገንዘብ ይሰበስብና ለታመመው ወይም ለተጋጨው ይከፍላል፣ የተረፈው ትርፉ ነው። ስለዚህ ብዙ ወጪ ያመጣብኛል ብሎ ያሰበውን ሰው ብዙ ያስከፍላል።

የቤቱን ሾፌር ወይም ባባን ብትጠይቂ ይሄን ያውቁታል። በብዙ አገር የመኪና ኢንሹራንስ የሚወደደው በሁለት ጫፍ ላሉ ሰዎች ነው፤ ገና መንጃ ፈቃድ ላወጣ ወጣትና ዕድሜው ለገፋ ሽማግሌ። ወጣቱ ልምድ ስለሌለው ቶሎ ይጋጫል። ሽማግሌው ደግሞ ተጠንቅቆ ቢነዳም ዓይኑና እጁ ይዘገያሉ። ከተጋጨም ሰውነቱ ቶሎ አይድንም፣ የሆስፒታሉ ወጪ ይበዛል። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን ያልተጋጨ ሰው በዕድሜው ብቻ ዋጋ ሊጨመርበት ይችላል።

ዋጋ የሚጨምረው በራስሽ ጥፋት ብቻም አይደለም። በ2024 ኤፕሪል 16 ኤምሬትስ ላይ የወረደውን ዝናብ የምታስታውሱ አላችሁ። ብዙ መኪና በጎርፍ ተበላሸ፣ ኩባንያዎቹ ብዙ ከፈሉ፣ ከዚያ በኋላ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ጨመረ። መኪናው ውሃ ያልነካው ሰውም ጨምሮ ከፈለ።

የጤና ኢንሹራንስም እንደዚሁ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የወገብና የጉልበት ህመም ከዕድሜ ጋር ይበዛል፣ ስለዚህ ኩባንያው ዋጋ ይጨምራል። ልዩነቱ ምንድነው? መኪናውን የሚነዳው ሰው ኢንሹራንሱን ራሱ ይከፍላል። ያንቺን ግን በህግ የሚከፍለው ያስመጣሽ ካፊል ነው።

ኤምሬትስ ውስጥ ህጉ ምን ይላል?

በ2022 የወጣው የቤት ሰራተኞች ህግ ቁጥር 9 የህክምና ወጪሽን አሰሪው እንዲሸፍን ያዛል። ከዚያ በፊትም አቡዳቢና ዱባይ የጤና ኢንሹራንስን ግዴታ ያደረጉ የራሳቸው ህግ ነበራቸው። የዱባዩ በ2013 የወጣው ህግ ቁጥር 11 ነው፣ ክፍያውንም በአሰሪው ወይም በስፖንሰሩ ላይ ይጥላል።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ግዴታው በሻርጃ፣ በአጅማን፣ በኡም አል ቁዌን፣ በራስ አል ኸይማና በፉጄራም ሆነ። የቤት ሰራተኛም ተካታለች። ኢቃማ ሲወጣም ሲታደስም ካፊሉ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት።

አሁን ልብ በይ። በእነዚህ ኤምሬቶች የመሰረታዊው ኢንሹራንስ ዋጋ በዓመት 320 ድርሃም ነው። ይሄ ዋጋ እስከ 64 ዓመት ላለ ሰው አንድ ነው። የሃያ አምስት ዓመት ልጅም የሃምሳ ስምንት ዓመት እናትም 320 ነው። ከ64 በላይ ለሆነች ሴት ግን የጤና መጠይቅ ይሞላል፣ የቅርብ ጊዜ የሀኪም ወረቀትም ይያያዛል። ስለዚህ ሻርጃ ውስጥ የምትሰራን የ50 ዓመት ሴት «ዕድሜሽ ስለገፋ ታእሚኑ ተወደደ» የሚላት ሰው ካለ፣ ወይ የገዛው ሌላ ዓይነት ኢንሹራንስ ነው፣ ወይ አልገዛም፣ ወይ እየዋሸ ነው። ደረሰኙን ጠይቂ።

ሌላም አለ። ይሄ መሰረታዊ ኢንሹራንስ ስኳርና ደም ግፊትን ለመሰሉ የቆዩ በሽታዎች «ስድስት ወር ጠብቂ» አይልም። ከመጀመሪያው ቀን ይሸፍናል።

ክሊኒክ ስትሄጂ የሚከፈለው ስንት ነው?

ኢንሹራንስ አለ ማለት ሁሉም ነገር ነጻ ነው ማለት አይደለም። በዚሁ የ320 ድርሃም ኢንሹራንስ የታካሚው ድርሻ እንደዚህ ነው፤

- ሳትተኚ ክሊኒክ ታይተሽ ከተመለስሽ 25 በመቶ ይከፈላል፣ ከ100 ድርሃም ግን አይበልጥም። ሂሳቡ 200 ከሆነ 50 ድርሃም ነው። ሂሳቡ 600 ቢሆንም ከ100 አያልፍም። ለዚያው ህመም በሰባት ቀን ውስጥ ከተመለስሽ ድጋሚ አይከፈልም።
- ሆስፒታል ከተኛሽ 20 በመቶ ይከፈላል፣ በአንድ ጊዜ ከ500፣ በዓመት ደግሞ ከ1,000 ድርሃም አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ኢንሹራንሱ ይሸፍናል።
- ለመድሃኒት 30 በመቶ ይከፈላል። ኢንሹራንሱ በዓመት የሚሸፍነው መድሃኒት እስከ 1,500 ድርሃም ነው።

የመጨረሻው ቁጥር ነው ትልቅ ሰው ላይ የሚከብደው። በየወሩ የስኳርና የግፊት መድሃኒት የሚወስድ ሰው 1,500 ድርሃሙን ዓመቱ ሳያልቅ ሊጨርሰው ይችላል። ሀኪሙን «ተመሳሳይ ሆኖ ርካሽ የሆነ መድሃኒት አለ?» ብለሽ ጠይቂ። በዋጋ ይለያያሉ፣ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ህጉ የህክምና ወጪን በአሰሪው ላይ ስለሚጥል ይሄንን ድርሻም እንዲከፍል ጠይቂ። ካልከፈለና ከኪስሽ ካወጣሽ ደረሰኙን አትጣይ።

ዕድሜሽ የሚቆጠረው በፓስፖርት ነው

ይሄ በእኛ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚመጣ ጣጣ ነው። ኢንሹራንስ የሚያየው እናትሽ የምትነግርሽን ዕድሜ ሳይሆን ፓስፖርት ላይ የተጻፈውን ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ዕድሜያችን ተጨምሮበት ነው ከአገር የወጣነው። ደላላው በልጅነቷ አምስት ስድስት ዓመት የጨመረባት ሴት ዛሬ ወረቀት ላይ ያረጀችው በዚያ ምክንያት ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ከፈረንጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። በእኛ በ1975 የተወለደች ሴት በፈረንጅ 1982 ወይም 1983 ነው የምትባለው። ክሊኒክ ወይም ታይፒስት ቤት ፎርም ሲሞሉልሽ «1975» ብለሽ ከመለስሽ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅተሽ ትጻፊያለሽ። ከመታወቂያሽ ጋር ስለማይገጥምም ኢንሹራንሱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በቃል አትመልሺ። ፓስፖርቱን ወይም ኢምሬትስ አይዲውን አሳይተሽ ከዚያ ይቅዱ። ፓስፖርቱ ማዳም ጋር ከሆነ ፎቶውን ስልክሽ ላይ ያዢ።

በሽታ መደበቅ ይጎዳል

«ስኳር እንዳለብኝ ካወቁ ይመልሱኛል» ብለሽ ልትፈሪ ትችያለሽ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን የጤና መጠይቅ ላይ «የለብኝም» ብለሽ ፈርመሽ በኋላ በዚያው በሽታ ሆስፒታል ብትገቢ፣ ኩባንያው «ዋሽታለች» ብሎ አልከፍልም ሊል ይችላል። ያኔ ሂሳቡ በብዙ ሺህ ነው። መጠይቁን ማዳም ወይም መክተቡ ሞልቶ «ፈርሚ» ካለሽ መጀመሪያ አስነብቢው። ያልተነበበልሽን አትፈርሚ።

ሳዑዲ፣ ኩዌትና ሊባኖስ

ሳዑዲ ያላችሁ ሁለት ኢንሹራንስ እንዳይምታታባችሁ። አንደኛው በሙሳነድ በኩል ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዲስ ኮንትራት ግዴታ የሆነው የኮንትራት ኢንሹራንስ ነው። ይሄ የህክምና ካርድ አይደለም። በአደጋ አካልሽ ቢጎዳ፣ ወይም አሰሪው ቢሞትና ደሞዝሽ ቢቀር የሚካስ ነው፣ የሚሰራውም ለመጀመሪያ ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛው የጤና ኢንሹራንስ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሰራተኛ ያለው አሰሪ እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል። አራትና ከዚያ በታች ባሉበት ቤትም ቢሆን ማሳከም የአሰሪው ግዴታ ነው።

ኩዌት ላይ ዕድሜና ኢንሹራንስ ሰው እንዴት እንደሚያፈናቅሉ ታይቷል። በ2022 ዲግሪ የሌላቸው 60 ዓመት የሞላቸው የግል ድርጅት ሰራተኞች የስራ ፈቃድ ለማሳደስ 250 ዲናር፣ በዚያ ላይ 500 ዲናር ገደማ የሚያወጣ የግል ጤና ኢንሹራንስ ተጠይቀው ነበር። ያ ደንብ በድርጅት ለሚሰሩ እንጂ በቤት ሰራተኛ ቪዛ ላሉ አልነበረም። የድርጅቱን ሰራተኛ ወሬ ሰምቶ «ለአንቺም ነው» የሚል ደላላ ቢመጣ እንዳትከፍሉ ነው የጻፍኩት።

ሊባኖስ ውስጥ በ2009 የወጣው አንድ ወጥ ኮንትራት ኢንሹራንስ የመግዛቱን ግዴታ በአሰሪው ላይ ይጥላል። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ግን ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነው ነው፣ ተራ ክሊኒክና መድሃኒት ላይኖርበት ይችላል። ሳትታመሚ በፊት ምን እንደሚሸፍን ጠይቂ።

የአገራችን ህግም ከጎንሽ ነው

የኢትዮጵያ የውጭ አገር ስራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የትኛው ወጪ የማን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የስራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የአሰሪው ነው ይላል። በኤጀንሲ በህጋዊ መንገድ ከመጣሽ ይሄን ጠቅሰሽ ኤጀንሲውን መጠየቅ ትችያለሽ።

«ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ» ካሉሽ

ለጭቅጭቅ አትቸኩዪ። በየተራ እንደዚህ አድርጊ።

1. ካርዱን ጠይቂ። «ወይን ቢጣቃ ታእሚን ማሊ?» ማለት የኢንሹራንስ ካርዴ የት አለ ማለት ነው። ኤምሬትስ ውስጥ በኢምሬትስ አይዲሽ ክሊኒኩ ራሱ ኢንሹራንስ እንዳለሽ ሊያይልሽ ይችላል።
2. ዋጋው የተጻፈበትን ደረሰኝ እንዲያሳዩሽ በትህትና ጠይቂ። ፎቶ አንሺው።
3. «የታእሚን ክፍያ ተስማምቻለሁ» በሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ።
4. ከደሞዝሽ ከተቆረጠ ቀኑንና መጠኑን ጻፊ። ደሞዝሽ በባንክ ወይም በካርድ የሚገባ ከሆነ ጎድሎ የገባው ራሱ ማስረጃ ነው።
5. ኤምሬትስ ያለሽ ወደ ሰራተኛ ሚኒስቴር በ80084 ወይም በ600590000 ደውዪ። ሳዑዲ ያለሽ በ19911። ቋንቋ ከከበደሽ አረብኛ የምትችል ጓደኛ አጠገብሽ ይዘሽ ደውዪ።

ኢቃማሽ ከማለቁ ሁለት ወር በፊት ሦስት ነገር አረጋግጪ። ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን የልደት ቀን፣ የኢንሹራንስሽን ማለቂያ ቀን፣ በየጊዜው የምትወስጂውን መድሃኒት ስም። ሦስቱንም ስልክሽ ላይ በፎቶ አስቀምጪ። ጉልበትሽን እዚህ ቤት ውስጥ ነው የጨረስሽው። በዕድሜሽ ምክንያት የሚመጣውን ሂሳብ መክፈል ያለበትም ጉልበትሽን የተጠቀመበት ሰው ነው፣ ህጉም የሚለው ይሄንኑ ነው።