ሕግ አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የሞጣ ገበሬ

ከመካከላችን ሕግ የሚያረቅቅ፣ መመሪያ የሚያወጣ፣ በዳኝነት ወንበር የሚቀመጥ ብዙ ነውና በዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ስለ አንድ ቀደምት ሕግ አርቃቂ እስቲ ጥቂት እንጨዋወት።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሸዋ ሰው ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የተማሩት መድፈኝነት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ጅጅጋን አስተዳደሩ፤ በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ቴአትር ጻፉ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ።

ስማቸውን ከሕግ ታሪካችን ጋር ያቆራኘው ግን በጽሑፍ የወጣውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸው ነው። ዋና መነሻቸው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለ 55 አንቀጹን ሰነድ ሲፈርሙ፣ ትርጉሙን ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ ያብራሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ምክር ቤቶችም ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡለታል ተባለ። ታዲያ መብቃቱን የሚፈርደው ማን ነው? ሰነዱ ይህን አልመለሰም።

በጅሮንድ በ1928 ዓ.ም. ዋዜማ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ቀጥሎ ወረራው መጣ፤ እሳቸውም ለረጅም ዓመታት ተሰደዱ።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ከዚያም የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ወኪል መረጠ ማለት ግን ተሰማ ማለት አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃም ሲደርስ፣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ እንዲያው ዝም ብሎ አልተቀበለውም። መሬቱ ሲለካና ሲገመት ርስቱን የሚያጣ መሰለው። ቀድሞ አቤት አለ፤ ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አዘመተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

በጅሮንድ ይህ ሁሉ ሲሆን በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። በ1923 ሕዝቡ እስኪበቃ ይጠበቅ ተብሎ ነበር፤ በ1960 የሞጣ ገበሬ አዋጁን አንብቦ ሳይሆን በመሬቱ ላይ የሚያመጣውን አይቶ ፍርዱን ሰጠ። እኛም አንድ ረቂቅ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት፣ ሕጉ የሚያርፍበትን ሰው ጠጋ ብለን እንጠይቅ። መልካም የመገናኛ በዓል!