በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሰው የማይሳፈርበት፣ መሬት ላይ የቆመ ሰው በሬዲዮ ሞገድ የሚያዝዘው አነስተኛ አውሮፕላን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ተቆርጠው ከተዘጋጁና በአንድ ካርቶን ታሽገው ከሚሸጡ ክፍሎች ሲሆን ይህ ስብስብ ኪት ይባላል። ኪት መገጣጠም የአየር ኃይሎችን፣ የኤሌክትሪክ ዑደትንና የሬዲዮ ቁጥጥርን በአንድ ሥራ ስለሚያስተምር በብዙ አገሮች ለተማሪዎች ይመከራል። የአብዛኞቹ ኪቶች መመሪያ የሚጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። እንደ መካነ ሰላም ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ግን አየሩ ስስ በመሆኑ ያው አውሮፕላን ለመነሳትም ለማረፍም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል።

አመጣጥ

ሚዛኑን በራሱ ጠብቆ የበረረው የመጀመሪያው የታወቀ ሞዴል የፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ «ፕላኖፎር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ውስጥ በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል ለ11 ሰከንድ በርሮ 40 ሜትር ያህል ተጉዟል። በሬዲዮ የሚመሩት የመጡት ዘግይተው ነው። አሜሪካውያኑ መንትዮች ዋልተርና ዊሊያም ጉድ «ገፍ» የተባለውን ሞዴላቸውን እ.ኤ.አ. በ1937 አብርረዋል። በዚያን ጊዜ የሬዲዮ መሣሪያዎች በቫኩም ቱቦ የሚሠሩና ከባድ ስለነበሩ ሞዴሎቹም ትልልቅ ነበሩ። በኋላ ትራንዚስተር፣ ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ደግሞ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪና ብሩሽ አልባ ሞተር ሲስፋፉ ሞዴሎቹ አንሰዋል፣ ዋጋቸውም ቀንሷል።

በኢትዮጵያ

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተመራ ፖቴዝ 25 ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ተሠራ። ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የገነባው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የበረረ ሲሆን፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወስዶ ለረጅም ዓመታት በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ከቆየ በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ቪዲዮዎች በመማር ኬ-570ኤ የተባለ አነስተኛ አውሮፕላን በእጁ ሠርቷል። ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስዋገን መኪና የተወሰደ ነው። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው ሙከራ ባይሳካም ሥራው በአገር ውስጥና በውጭ መገናኛ ብዙኃን ሰፊ ሽፋን አግኝቷል። ሁለቱም ሰው የሚያሳፍሩ እንጂ ሞዴሎች አይደሉም፤ ሠሪዎቻቸው የገጠሟቸው የክብደት፣ የሚዛንና የሞተር ጥያቄዎች ግን ሞዴል ለሚገጣጥም ሰውም ያው ናቸው።

የኪት ዓይነቶች

ኪቶች ለገጣጣሚው በሚተዉት የሥራ መጠን ይለያያሉ።

- ሙሉ ኪት፦ የክንፍ አጥንቶች፣ ዘንጎችና የሰውነት ክፍሎች ተቆርጠው ይመጣሉ፤ ማጣበቁና ማልበሱ የገጣጣሚው ሥራ ነው። ዋናው ቁሳቁስ የባልሳ እንጨት ነው። ባልሳ በብዛት ከኢኳዶር የሚመጣ ሲሆን አንድ ሜትር ኩቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል።
- በከፊል የተገጣጠመ፦ ክንፉና ሰውነቱ አልቀው ይመጣሉ፤ ሞተር፣ ሰርቮና ሬዲዮ መትከል ይቀራል።
- ለመብረር የተዘጋጀ፦ ባብዛኛው ከፎም የተሠራ ነው፤ ክንፉን በብሎን ማሰርና ባትሪ መሙላት ብቻ ይበቃል።

ለጀማሪ የሚመረጠው ክንፉ ከሰውነቱ በላይ የተቀመጠና ጫፎቹ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበሉ ሞዴል ነው። እንዲህ ያለው ክንፍ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲያጋድል ሚዛኑን በራሱ ለመመለስ ይረዳል።

ዋና ዋና ክፍሎች

አስተላላፊው በአብራሪው እጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ነው። ዘመናዊዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራሉ፤ ከአንድ ተቀባይ ጋር ብቻ ስለሚጣመሩ ሌላ ሰው በአቅራቢያው ቢያበርር አይጋጩም። ተቀባዩ አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዙን ለሰርቮዎቹና ለሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው ያስተላልፋል።

ሰርቮ ትንሽ ሞተር፣ ጥርሶችና የአቀማመጥ መለኪያ ያሉት መሣሪያ ነው። በተለመደው አሠራር በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይደርሰዋል። ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ክንዱ መሐል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1 ሲያጥር ወደ አንድ ጎን፣ ወደ 2 ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ክንዱ በቀጭን የብረት ዘንግ አማካይነት ከሦስቱ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አንዱን ያንቀሳቅሳል፦ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ኤሌቬተር፣ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ራደር፣ ክንፉን የሚያጋድለውን ኤሌሮን።

ባትሪው ባብዛኛው ሊቲየም ፖሊመር (ሊፖ) ነው። የአንድ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.7 ሲሆን ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ባለ ሦስት ሴል ባትሪ 11.1 ቮልት ይሰጣል።

አገጣጠም

ሥራው የሚጀመረው ክፍሎቹን ከዝርዝሩ ጋር በማመሳከር ነው። የጎደለ ወይም የተሰበረ ክፍል ሙጫ ከመነካቱ በፊት ሊታወቅ ይገባል።

ክንፉ የሚሠራው ሙሉ በሙሉ ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ንድፉን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ በላዩ ነው። አጥንቶቹ ዋናው ዘንግ ላይ ይደረደራሉ፣ በስፒል ይያዛሉ፣ ከዚያ ይጣበቃሉ። ክንፉ ሲደርቅ ከተጣመመ በረራ ላይ ወደ አንድ ጎን ስለሚጎትት ሙጫው ሳይደርቅ ከጠረጴዛው አይነሳም። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ስለሚያገኝ በበጋ ደረቅ ቀናት ይዘገያል፤ ኤፖክሲ ደግሞ በብርድ ይዘገያል። በደጋ የሚሠራ ሰው መመሪያው ከሚለው የረዘመ ጊዜ መታገስ አለበት።

ቀጥሎ ሰውነቱና ጅራቱ ይገጠማሉ። የጅራቱ አግድም ክፍል ከክንፉ ጋር ትይዩ፣ ቋሚው ክፍል ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ መሆኑ ከሁለቱ የክንፍ ጫፎች እስከ ጅራቱ ድረስ ያለውን ርቀት በክር በመለካት ይረጋገጣል። ብዙ ሞዴሎች ላይ ሞተሩ ትንሽ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፤ ይህ የፕሮፔለሩን የመጠምዘዝ ኃይል ስለሚያካክስ ስህተት መስሎ ሊቃና አይገባም።

ሰርቮዎቹና ሽቦዎቹ ከገቡ በኋላ የእያንዳንዱ ክፍል አቅጣጫ ይፈተሻል። ኤሌሮን በተቃራኒው መሥራቱ ጀማሪዎች አውሮፕላናቸውን በመጀመሪያው በረራ ከሚያጡባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ነው። አብራሪው ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆሞ መቆጣጠሪያውን ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ኤሌሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ይህ ፍተሻ ሁሉ የሚደረገው ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ነው።

የመጨረሻው ሥራ የክብደት ማዕከሉን ማስተካከል ነው። በአብዛኞቹ የጀማሪ ሞዴሎች ላይ ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶ ባለው ርቀት ላይ ይውላል። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንፍ ይህ ከ5 እስከ 6.6 ሳንቲ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በዚያ ነጥብ በሁለት ጣት ሲነሳ አፍንጫውም ጅራቱም መውደቅ የለባቸውም። ማስተካከያው ባትሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማንሸራተት ይደረጋል፤ የብረት ክብደት መጨመር የመጨረሻ አማራጭ ነው።

በከፍታ ቦታ የሚኖረው ለውጥ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 740 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ግን 1013 ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር ወደ 0.88 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ መመሪያዎች መነሻ የሚያደርጉት የባሕር ወለል አየር 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ ክንፉ የሚያገኘው አየር የዚያን 72 በመቶ ብቻ ነው።

ለምሳሌ 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሞዴል እንውሰድ። ሳይወድቅ ሊበር የሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት በባሕር ወለል በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን፣ በመካነ ሰላም 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጭማሪው 18 በመቶ ነው። በዚህ ፍጥነት ሲያርፍ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ወደ 40 በመቶ ይጨምራል። የፕሮፔለሩም ግፊት በተመሳሳይ ዙር በአየሩ መሳሳት ልክ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ ከመሬት ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በ2300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለው የቦሌ አየር ማረፊያ 3800 ሜትር ያህል የሚረዝም ማኮብኮቢያ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በደጋ የሚገጣጥም ሰው የሚከተሉትን ማስተካከያዎች ያደርጋል።

- ክብደት መቀነስ፦ በምሳሌው ሞዴል የባሕር ወለሉን ፍጥነት ለመጠበቅ 280 ግራም መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ያህል መቀነስ አስቸጋሪ ቢሆንም ትንሽ ባትሪ መምረጥ፣ ሙጫ መቆጠብና ቀለም መተው ይረዳል። ኪት ሲመረጥም ለክብደቱ ሰፊ ክንፍ ያለው ይሻላል።
- ፕሮፔለር መቀየር፦ ሞተሩ በስስ አየር ስለሚቀለው በ9 በ6 ኢንች ፋንታ 10 በ5 ኢንች መሞከር ይቻላል። አዲሱ ፕሮፔለር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞተሩና ከፍጥነት መቆጣጠሪያው አቅም እንዳያልፍ በሜትር ይለካል።
- የማቀዝቀዣ ቀዳዳ ማስፋት፦ ስስ አየር ሙቀትን የሚወስደው በዝግታ ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሜዳ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ እዚህ ሊግል ይችላል።
- በኤሌክትሪክ መሥራት፦ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ከፍታ ላይ አየር ስለሚያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለማቃጠል አየር አይፈልግም።

በማብረሩም ጊዜ ለውጥ አለ። ማለዳ በ8 ዲግሪ የሚገኘው አየር ከቀትሩ 22 ዲግሪ አየር 5 በመቶ ያህል የጠነከረ ነው፤ ንፋሱም ባብዛኛው ይረጋጋል። ሊፖ ባትሪ ግን በብርድ አቅሙ ስለሚቀንስ እስኪበርሩ ድረስ ኪስ ውስጥ ቢቆይ ይመረጣል። ተስማሚው ሜዳ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የሚገኝ፣ ከብት የሌለበት፣ ከባሕር ዛፍና ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዩ ገደሎች ጫፍ ማብረር አይመከርም፤ ንፋሱ ገደሉን ሲሻገር የሚፈጥረው ወደ ታች የሚወርድ አየር ሞዴሉን ሰው ወደማይደርስበት ቦታ ሊጥለው ይችላል።

ባትሪና ደህንነት

የተወጋ ወይም ከልክ በላይ የተሞላ ሊፖ ባትሪ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የሚሞላው ለሊፖ በተሠራ ቻርጀር፣ በሲሚንቶ ወይም በሸክላ ላይ፣ ሰው እያየው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባለ 12 ቮልት መግቢያ ያለው ቻርጀር ከመኪና ባትሪ ሊሠራ ይችላል። ለብዙ ቀን የሚቀመጥ ባትሪ ሴሉ 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ይተዋል። ከውጭ አገር በአውሮፕላን የሚመጣ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም።

ሕግና ፈቃድ

በኢትዮጵያ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአየር ክልሉን የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ሞዴል አውሮፕላን ካሜራ ባይኖረውም በጉምሩክ ሠራተኛም ሆነ በመንደር ሰው ዓይን ከድሮን ላይለይ ስለሚችል ኪቱ ከመገዛቱ በፊት ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ ያስፈልጋል። መካነ ሰላም አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ያላት ከተማ መሆኗም ይታሰብ።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ምክንያት በሰማይ ላይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ሰውን ያስደነግጣል። አብራሪውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ጸጥታ ባልሰፈነበት ቦታ ማብረር ተገቢ አይደለም። ግንባታውን፣ የሰርቮና የክብደት ማዕከል ፍተሻውን፣ እንዲሁም በኮምፒውተር የሚደረገውን የበረራ ልምምድ ግን ቤት ውስጥ ማካሄድ ይቻላል። በኮምፒውተር ልምምድ አስተላላፊው በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛል፤ የበረራው ቦታ ከፍታ በሚስተካከልባቸው ፕሮግራሞች ላይ 2600 ሜትር ተሞልቶ በደጋ ያለው ልዩነት ሊታይ ይችላል።