ከኮፍያው እስከ ቸኮሌቱ

በፖለቲካ የሚቀልድ የምሽት ቴሌቪዥን ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠየቀው «መንግሥት ቻለው ወይ?» ነው። እኔ ግን የግብጻዊውን የባሴም ዩሱፍን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር ተመልካቹስ ችሎታል ወይ እላለሁ።

ባሴም የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ በአሜሪካዊው ጆን ስቱዋርት አርአያነት ቤቱ ውስጥ የቀረጻቸውን አጫጭር ፊልሞች በዩቲዩብ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመትም «አል በርናሜግ» ብሎ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። ፕሬዚዳንት ሙርሲ ሲመረጡ የቀልዱ ዋነኛ ዒላማ ሆኑ። በማርች 2013 ፕሬዚዳንቱንና እስልምናን ሰድበሃል ተብሎ የእስር ማዘዣ ወጣበት። እርሱም ሙርሲ በፓኪስታን የክብር ዶክትሬት ሲቀበሉ ያጠለቁትን ኮፍያ እጅግ አግዝፎ ደፍቶ ዐቃቤ ሕግ ፊት ቀረበ! በዋስ ተለቀቀ፤ ፕሮግራሙም ቀጠለ።

በጁላይ 2013 ሠራዊቱ ሙርሲን ከሥልጣን አወረደ። ባሴም በኦክቶበር ሲመለስ ጄኔራል ሲሲን በቀጥታ ከመንካት ይልቅ ያነጣጠረው በአምላኪዎቻቸው፣ ምስላቸው በታተመበት ቸኮሌት ጭምር ነበር። ትናንት በሙርሲ ሲቀለድ ሆዱን ይዞ ይስቅ ከነበረው ስንቱ ተቈጣ! አቤቱታ ጐረፈ፤ ሲቢሲ የተባለው የግል ጣቢያም አንድ ክፍል ብቻ አሳይቶ ሁለተኛውን ከለከለ። ይህን ያደረገው የሙርሲ ዐቃቤ ሕግ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

በ2014 በኤምቢሲ ግብጽ ጥቂት ወራት ሠራ። በጁን፣ ሲሲ በተመረጡ ሰሞን፣ ለራሱና ለቤተሰቡ ደኅንነት እንደሚሰጋ ተናግሮ ፕሮግራሙን ዘጋ። ኋላም ወደ ስቱዋርት አገር ተሰደደ።